አምስቱ ቤቶችና የእመት አስካለ ቆጠራ

አንድ አምባ ነበረ። ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሜዳ ሲሆን መውጫና መግቢያው አንድ በር ብቻ ነው። በላዩ መቶ ሃምሳ ያህል ቤት፣ አንድ ቤተ ክርስቲያንና አንድ ትልቅ ኩሬ ነበሩ። ምንጭ የለም፣ ወንዝ የለም። ክረምት የሰጠውን ዝናብ ኩሬው ያጠራቅምና በጋውን ሙሉ ለሰውም ለከብትም ያካፍላል።

የአምባው ሰዎች አንድ ትልቅ ኩራት ነበራቸው። «ከሰባት ትውልድ በፊት አምስት አባቶች ሚስቶቻቸውን ይዘው ወደዚህ አምባ ወጡ፤ እኛ ሁላችን የአምስቱ ቤቶች ልጆች ነን» ይላሉ። ሕፃን አፉን ሲፈታ መጀመሪያ የሚለማመደው የአባቶቹን ስም መጥራት ነው። እገሌ የእገሌ ልጅ፣ እገሌ የእገሌ ልጅ እያለ ከአምስቱ አባቶች አንዱ ላይ እስኪደርስ ሽቅብ ይቆጥራል። ልብ በሉ፣ የሚጠራው አባቶቹን ነው። እናቶቹን የሚጠራ የለም። ንቀት አይደለም፣ ልማዱ ነው። በዚያ ላይ ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ በልጅነት ስሟ የሚጠራት አይኖርም። ጥቂት ዓመት ካለፈ በኋላ ከየት እንደመጣች የሚያስታውስ ቢገኝ እሷው ራሷ ናት።

ከኩራታቸው ሌላ ሁሉም የሚፈሩት አንድ ሕግ ነበር። ዘመድ ከዘመድ አይጋባም። በአባትም በእናትም በኩል ሰባት ቤት ድረስ ይቆጠራል። ሰባት ቤት ሳይሞላ ተጋብተው የተገኙ እንደ ወንድምና እኅት ይታያሉ፤ ትዳራቸው ይፈርሳል፣ ልጆቻቸውም ሰው መሐል ቀና ብለው አይሄዱም። ስለዚህ ልጁን ለመዳር ያሰበ ሁሉ ከምንም ነገር በፊት ወደ ቆጣሪዋ ይሄዳል።

ቆጣሪዋ እመት አስካለ ይባላሉ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ጥርሳቸው ያለቀ፣ ልባቸው ግን የነቃ ሴት ናቸው። ሙያውን የወረሱት ከእናታቸው ነው፣ እናታቸውም ከእናታቸው። የሁለቱ ወገን ሰዎች ሲመጡ ሰፌድ ጭናቸው ላይ ያስቀምጡና በቀኝ የወንዱን፣ በግራ የሴቷን ወገን በባቄላ ይደረድራሉ። ለእያንዳንዱ ባቄላ አንድ ስም በሹክሹክታ ይጠራሉ። አባቶቹንም ይጠራሉ፣ እናቶቹንም በልጅነት ስማቸው ይጠራሉ። በግራና በቀኝ አንድ ስም ከገጠማቸው ሰፌዱን በነጠላቸው ይሸፍኑና «ተዉት» ይላሉ። ካልገጠማቸው «ይሁን» ይላሉ። ከዚህ ሌላ ቃል አይወጣቸውም። እናታቸው ሰፌዱን ያስረከቧቸው ጊዜ «የቆጠርሽውን ካወራሽ አምባው በአንድ ዓመት ይፈርሳል» ብለው ቃል አስገብተዋቸዋል። ስድሳ ዓመት ሙሉ ለምን «ተዉት» እንደተባለ፣ ለምን «ይሁን» እንደተባለ የሰማ ሰው የለም።

ቆላ ያለው ወንዝ በደረቀ ጊዜ ሠላሳ አባወራ ልጆቻቸውን አዝለው አምባውን ወጡ። መልካቸው ጠቆር ያለ ነው፤ አነጋገራቸውም የአምባው ሰው የማያውቀው ዜማ አለው። በመጀመሪያው ዓመት አምባው ተሻምቶ ተቀበላቸው። በሁለተኛው ዓመት ሰላምታ ብቻ ቀረ። በሦስተኛው ዓመት ዝናቡ አነሰና የኩሬው ዳርና ዳር መሰነጣጠቅ ጀመረ፤ ያን ጊዜ በሹክሹክታ ይባል የነበረው «መጤ» የሚለው ቃል በገበያ ጮክ ተብሎ ይባል ጀመር።

ከመጤዎቹ አንዱ ዳምጤ ይባላል። በተረት ውስጥ እንግዳ ሰው ሲመጣ ወይ የተሰወረ ንጉሥ ነው፣ ወይ ማንም የማያውቀውን መድኃኒት ያውቃል። ዳምጤ ግን አልጋ ጠራቢ ነው፤ እሱም ቢሆን የሚሠራው አልጋ ሰው በተገላበጠ ቁጥር ሲጢጥ ይላል። ኩሬውን አልሞላም፣ ማንንም ከአንበሳ አላዳነም። ሰው ነው፣ በቃ። ሚስቱ እንጉዳይ የአምባው ተወላጅ ናት፤ እመት አስካለ ከሕፃንነቷ ጀምረው ያሳደጓት ብቸኛ የልጅ ልጃቸው እሷ ናት። ጋብቻቸውን ቆጥረው «ይሁን» ያሉትም እመት አስካለ ናቸው።

በአምባው ላይ ደግሞ ጓንጉል የሚባል ባለጠጋ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ቀድሜ የምናገረው፣ በምሳሌ ውስጥ ክፉ ሰው ሲገኝ እኛ አድማጮቹ «እኔን አይመለከተኝም» ብለን ስለምንገላገል ነው። ቆለኞቹ የመጡ ጊዜ በሬ አርዶ ያበላቸው እሱ ነው። ነገር ግን የኩሬውን መሰነጣጠቅ ባየ ጊዜ ፈራ። ፍርሃት ደግሞ ብቻውን መቀመጥ አይወድም፤ የሚያመካኝበት ሰው ይፈልጋል።

ሹሙ ሸንጎ ጠራ። ሹሙ መልካም ሰው ነው፤ ጉድለቱ ሁልጊዜ በመጨረሻ የተናገረውን ማመኑ ነው። ሰዉ ኩሬው ዳር ተሰበሰበ።

አንዱ ተነሥቶ «ውሃው አያዳርሰንም፤ የምለው ይኼን ብቻ ነው። በሰዎቹ ላይ ጥላቻ የለኝም» አለ።

ሌላው «እንግዳ ነው ብለን ተቀበልን፤ እንግዳ ሦስት ዓመት ይቀመጣል ያለን ግን የለም» አለ።

አንድ ጭምት ሽማግሌ ደግሞ «ታዲያ ውሃውን እንለካዋ» አለ። «ስንት እንስራ እንዳለው፣ ለስንት ሰው እንደሚበቃ እንወቅ። ካልበቃ አብረን መላ እንፈልጋለን።»

በዚያ ቀን ከተነገረው ሁሉ ቁም ነገሩ ይህ ነበር። ነገር ግን ሰውየው የተናገረው በለሆሳስ ስለሆነ ማንም አላዳመጠውም።

ከዚያ ጓንጉል ተነሣ። «ነገሩ የውሃ ብቻ አይደለም» አለ። «የልጆቻችን አነጋገር ተለውጧል። በሠርጋችን ላይ የማናውቀው ዘፈን ይዘፈናል። ዘር ከልጓም ይስባል፤ ዛሬ አብረውን ቢበሉም ክፉ ቀን ሲመጣ ወደየዘራቸው ነው የሚሄዱት። አምባው የአምስቱ ቤቶች ነው። የአምስቱ ቤቶች ልጅ የሆነ ይቀመጥ፣ ያልሆነ ሰኔ ሳይገባ ይውረድ።»

«በአባት ነው በእናት?» ብሎ አንዱ ጠየቀ። ሁለት የአምባው ወጣቶች የቆላ ሴት አግብተው ወልደው ነበርና ሁሉም መልሱን ለመስማት ጓጓ።

ጓንጉል ጥቂት አሰበ። «በሁለቱም» አለ። «አለዚያ ቆለኛ ያገባ ሁሉ ልጁን በአባት ስም ነባር ሊያደርግብን ነው። በአባትም በእናትም፣ እስከ ሰባት ቤት ድረስ፣ ከአምስቱ ቤቶች ውጭ ደም የሌለበት ሰው፣ ነባር ማለት እሱ ነው።»

ሸንጎው በጩኸት ተስማማ። ቆጠራው ለእመት አስካለ ተሰጠ፣ ቀኑም ለሳምንት ተቀጠረ። መቶ ሃምሳ ቤት ሙሉ ሰው «እኔን አይነካኝም» እያለ ወደየቤቱ ገባ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው እንዲህ ላለው ቀን ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሹሙ ብቻውን ወደ እመት አስካለ ቤት መጣ። እመት አስካለ ደጅ ተቀምጠው ጥራጥሬ ይለቅሙ ነበር፤ እንጉዳይ ጓሮ ነበረች።

«እመት፣ እንደምን ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ሹም ቤቴ ድረስ ያመጣህ ደኅና ነው?»

«ለልጅዎ ብዬ ነው የመጣሁት» አለ ሹሙ። «ዳምጤ ከወረደ እንጉዳይ አብራው መውረዷ ነው፤ እርስዎም በዚህ ዕድሜዎ ብቻዎን ሊቀሩ ነው። እኔ ይኼን ማየት አልፈልግም። በቆጠራው ቀን ‹የዳምጤ ወገኖች ከዚሁ ከአምባው የወረዱ ናቸው› ይበሉ። እርስዎ ካሉት የሚከራከር የለም።»

«የቀሩት ሃያ ዘጠኙስ?»

ሹሙ መሬት መሬት አየ። «ሁሉን ማዳን አይቻልም» አለ።

«ልጄ፣ ‹ይሁን› ስል ሰው የሚያምነኝ ዋሽቼ ስለማላውቅ ነው» አሉ እመት አስካለ። «አንዴ ከዋሸሁ በየቤቱ ያለው ትዳር ሁሉ ጥርጣሬ ይገባዋል። ሂድ፣ ላስብበት።»

ሹሙ እንደወጣ እንጉዳይ ከጓሮ መጣች። ሁሉንም ሰምታለች።

«እማማ፣ አንድ ቃል ነው እኮ» አለች።

«አዎ፣ አንድ ቃል ነው።»

«ታዲያ ለእኔ ሲሉ አንድ ቃል አይናገሩም?»

«ዋሽቼ አንቺን ባስቀርሽ፣ ጎረቤትሽ ልጆቿን አዝላ ስትወርድ በየትኛው ዓይንሽ ታያታለሽ?»

«በዚሁ በዓይኔ» አለች እንጉዳይ። «አለቅሳለሁ፣ ከዚያም እኖራለሁ። ሰው የሚኖረው እንዲህ ነው።»

እመት አስካለ ወደ ጥራጥሬያቸው አቀረቀሩ። እንጉዳይ ቀጠለች፤ «መዋሸት ካቃተዎ እውነቱን ይናገሩ። የማን አያት ከየት እንደመጣች ያውቃሉ። የጓንጉልን ይንገሩ፣ የሹሙን ይንገሩ፣ ሁሉም ይፈር።»

«የሰውን እናት አደባባይ አውጥቼ ላዋርዳት? እሱንም አልችልም። ቃል ሰጥቻለሁ።»

«እንግዲያው ቁጭ ብለው ሲያወርዱኝ ይዩኝ» ብላ እንጉዳይ ወጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አላነጋገረቻቸውም።

በሦስተኛው ቀን ዳምጤ መጣ። በአክብሮት እጅ ነሥቶ ቆመ፤ ተቀመጥ ቢሉትም እንቢ አለ።

«እማማ፣ እንጉዳይን እንዳይቀየሟት» አለ። «የመጣሁት ለሌላ ነገር ነው። እኔ ልውረድ፣ እሷ ግን እዚህ ትቅር። ቆላው ውሃ የለውም፤ ከመጣንበት ሦስት ዓመቱ ነው፣ ምን እንደሚጠብቀን አላውቅም። እኔ ብነግራት እሺ አትለኝም። እርስዎ ይንገሩልኝ።»

«ባሏን ጥላ የምትቀር ልጅ አላሳደግሁም» አሉት። ልጃቸው እንደማትቀር እርግጠኛ የሆኑት ይህን ሲናገሩ ነው።

ዳምጤ ከሄደ በኋላ ሰፌዳቸውን ሳቡና ወደ ጥራጥሬያቸው ተመለሱ። አውድማ ላይ ተደባልቆ የመጣ እህል ነው። ባቄላውን ለብቻ፣ አተሩን ለብቻ፣ ሽምብራውን ለብቻ፣ ምስሩን ለብቻ፣ ጓያውን ለብቻ እያሉ ይለቅማሉ። ለመዋሸት አንደበታቸው እንቢ ብሏል፣ ለማጋለጥ ልባቸው እንቢ ብሏል፤ በዚያ ሳምንት እህል በአፋቸው ዞረ ማለት አይቻልም። የለቀሙትን አምስት ክምር እህል እያዩ ብዙ ቆዩ። ከዚያም ከእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ዘግነው በትንሽ ከረጢት ቋጠሩ።

የቀጠሮው ቀን አምባው ሁሉ ኩሬው ዳር ወጣ። ሠላሳው የቆላ ቤተሰብ በበሩ በኩል ለብቻው ቆሟል፤ እንጉዳይ ከዳምጤ ጎን ናት። እመት አስካለ ሰፌዳቸውን ታቅፈው መጡና መሬት ላይ ተቀመጡ።

«እመት፣ ከእኔ ይጀምሩ» አለ ጓንጉል። «እኔ የምፈራው ነገር የለም።»

«ከአንተ በፊት ሕጉን እንቁጠረው» አሉ። «ና እዚህ ተቀመጥ። ዛሬ ቆጣሪው አንተ ነህ።»

ጓንጉል እየሳቀ ተቀመጠ። እመት አስካለ ከረጢቱን ፈቱና አምስቱን እህል ሰፌዱ ላይ ለየብቻ አስቀመጡ።

«ባቄላው የመጀመሪያው ቤት ነው። አተሩ ሁለተኛው፣ ሽምብራው ሦስተኛው፣ ምስሩ አራተኛው፣ ጓያው አምስተኛው። ሌላ ሰው አምባው ላይ የለም፤ እንደ ሕግህ ከሆነ በሩ ዝግ ነው። በል ልጆቻቸውን አጋባ። አንድ ዓይነት እህል የሚገኝባቸው ሁለት ልጆች ዘመድ ናቸውና አይጋቡም።»

«ይኼማ ቀላል ነው» አለ ጓንጉል። ባቄላውን ከአተሩ፣ ሽምብራውን ከምስሩ አጋባ። ጓያው ብቻውን ቀረ። ከባቄላው ቤት ሌላ ልጅ አንሥቶ ለጓያው ዳረ። ሰዉ ሳቀ፤ አንዲት ሴት እልል አለች።

«የእነሱንም ልጆች ዳር» አሉ እመት አስካለ።

አሁን ልጆቹ ሁለት ሁለት ዓይነት እህል ናቸው። ጓንጉል እያሰበ፣ ባቄላና አተር የሆነውን ልጅ ሽምብራና ምስር ከሆነችው አጋባ። ጓያና ባቄላ የሆነውን ደግሞ ለእኅቷ ሰጠ። ሰፌዱ ላይ አራት አራት ዓይነት እህል ያለባቸው ሁለት ክምሮች ሆኑ።

«አሁንስ የእነዚህን ልጆች?»

ጓንጉል እጁን ዘረጋ፤ መልሶ ሰበሰበው። በሁለቱም ክምር ባቄላ አለ። በሁለቱም ሽምብራ አለ፣ በሁለቱም ምስር አለ። ከጎኑ የነበረ ሽማግሌ «ቆይ፣ የተሳሳትከው ከመጀመሪያው ነው፤ ጓያውን ለብቻው እናቆየው» ብሎ እጁን ሰደደ። «ጓያ ከጓያ ሊጋባ ነው? ወንድምና እኅት?» ብለው እመት አስካለ ቢጠይቁት እጁን አነሣ። ሌላው መጣ፣ እህሉን በታትኖ እንደገና ጀመረ፤ እሱም ሦስተኛው ሠርግ ላይ ቆመ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። እየተተካኩ፣ እየተጨቃጨቁ ብዙ ሞከሩ። ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። ሦስተኛውን ሠርግ መደገስ የቻለ አልተገኘም።

«ከሰባቱ ትውልድ ገና ሦስተኛው ላይ ነን» አሉ እመት አስካለ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር፤ ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ስለነበር ግን እስከ በሩ ድረስ ተሰማ።

«ስሙኝ ልጆቼ። እኔ፣ ከእኔ በፊት እናቴ፣ ከእናቴ በፊት አያቴ ለእያንዳንዳችሁ አባትና እናት ‹ይሁን› ብለናል። ይህን ያልነው ዘመድ አለመሆናቸውን ቆጥረን ነው። በሩ ዝግ ሆኖ ቢኖር ኖሮ ይህን ቃል ባላወጣነው ነበር። እንግዲህ ምረጡ። እንደምትሉት ሁላችሁም የአምስቱ ቤቶች ብቻ ከሆናችሁ፣ እኔ ስድሳ ዓመት ዋሽቻችኋለሁ፤ እናንተም ከእኅቶቻችሁ ጋር ትኖራላችሁ። ቆጠራዬ እውነት ከሆነ ደግሞ በየቤታችሁ በዚህ በር የገባች እናት አለች። የማን እናት እንደሆነች አልናገርም። ሙሽራ ሆና መጣች፣ አማቷ ስም አወጣችላት፣ እናንተ ረሳችኋት። ዘራችንም ትዳራችንም ንጹሕ ነው ማለት ግን አትችሉም። ከሁለቱ አንዱን ተዉ።»

ባሎች ሚስቶቻቸውን ላለማየት ኩሬውን ያዩ ነበር።

ጓንጉል ግን «እመት፣ ሰው ነዎትና ቆጠራው ላይ ምናልባት ተሳስተው…» ብሎ ጀመረ።

አልጨረሰም። ከሴቶቹ መካከል ሚስቱ የአምባወርቅ ተነሣች። አርባ ዓመት አብረው ኖረዋል፣ ሰባት ልጆች ወልደዋል። በሸንጎ ፊት ተናግራ አታውቅም። ባሏ ፊት መጥታ ቆመች።

«ጌታው፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች። «የእናቴን እናት ማን እንደወለዳት እኔም አላውቅም። እመት ያውቃሉ፣ አይናገሩም። እንግዲህ እርስዎ ይንገሩኝ። አርባ ዓመት አብሬዎ የኖርኩት እኅትዎ ነኝ ወይስ መጤ ነኝ?»

ጓንጉል ቀና ብሎ አያት። ከጀርባዋ የበኩር ልጁ ቆሟል፤ እሱም መልሱን ይጠብቃል። ለዚች ሴት የሚመልሰውን ቃል እዚያ የቆመ ወንድ ሁሉ ለሚስቱ እንደሚመልስ ጓንጉል ገብቶታል።

«መጤ ነሽ» አለ። ቃሉ በግድ ነው የወጣው።

የአምባወርቅ ራሷን ነቀነቀች። «እንግዲያው ሰኔ ሳይገባ ነውና፣ ስንቄን ልሰንቅ?»

ጓንጉል ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ አለቀሰ። ወንድ ልጅ በሸንጎ ሲያለቅስ የአምባው ሰው አይቶ አያውቅም ነበር፤ ሆኖም የሳቀበት የለም። እሷም ከጎኑ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሹሙ የመጨረሻውን ተናጋሪ ሲጠብቅ ቆየ፤ የሚናገር ሲጠፋ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ፈረደና ሕጉን ሻረ።

እንጉዳይ ከበሩ በኩል መጥታ እመት አስካለን ደግፋ አስነሣቻቸው። ይቅርታ አልተባባሉም። ዳምጤ ሰፌዱን ያዘላቸውና ሦስቱም ወደ ቤት ገቡ።

ሕጉ ስለተሻረ ግን ዝናብ አልዘነበም፤ ዘነበ ብዬ ብነግራችሁ ዋሸሁ ማለት ነው። ኩሬው እንደ ጎደለ ነው። በማግስቱ ያ በለሆሳስ የሚናገር ሽማግሌ ረጅም ዘንግ ይዞ ገባና ውሃውን ለካ። ለእያንዳንዱ ቤት፣ ነባር ሳይል መጤ ሳይል፣ በቀን ሁለት እንስራ እንደሚደርስ ታወቀ። ከብቶቹ ክረምት እስኪገባ ከአምባው እንዲወርዱ ተደረገ፤ ወንዶቹም በየተራ ኩሬውን ጠርገው ጥልቀት ጨመሩለት። ጓንጉል ኩሬው ካልሰፋ በሩ ለተጨማሪ ሰው እንዳይከፈት አጥብቆ ተከራከረ። አንዳንዶቹ ቆለኞች ደገፉት፤ አንዳንድ ነባሮች ተቃወሙት። ክርክሩ ሁለት ቀን ፈጀ፣ ጠብም አልጠፋበትም። ክርክራቸው ግን ስለ እንስራ ብዛት ነበር፤ ስለ ማንም አያት የተናገረ የለም።

እንግዲህ የነገሩ ፍሬ ይህ ነው። በር ያለው ሕዝብ ስለ በሩ ቢነጋገር ነውር የለበትም። ስንት ሰው እንችላለን፣ ያለን ይበቃል ወይ፣ አብረን እንዴት እንደር ብሎ መጠየቅ የባለቤት ወግ ነው፤ የጠየቀም ሁሉ ክፉ አይደለም። ጥያቄው «ደሙ ያልተቀላቀለ ማን ነው?» ወደሚል የዞረ ዕለት ግን ስለ ውሃው የሚያስብ አይገኝም። ያልተቀላቀለ ዘር ፈልጎ ያገኘ የለም፤ የሚገኘው ስሟን የለወጥንባትና የረሳናት እናት ናት። ለጎረቤት ብለን የሳልነው ቢላ መጀመሪያ የሚቆርጠው እሷን ነው።

ወዳጄ ሆይ፣ እርስዎም «ይውጡልን» ሲሉ የኖሩት ሰው ካለ ሕጉን በአባትም በእናትም አጥብቀው ያውጁትና ወደ ቤትዎ ይግቡ። ከቤትዎ ሰዎች ስንቁን መሰነቅ የሚጀምረው ማን ነው?